ሽቦው ላይ ያሉት ሁሉ

በእኛ ሸለቆ ስልክ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ከእኛ እርሻ ከሆልት ተነስቶ ወደቡ ላይ እስካለው ሱቅ ድረስ የተዘረጋው ሽቦ አንድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለ ቤት ሁሉ ከሱ ጋር ተያይዟል። ለእኛ ሲሆን ሁለት ረጅም አንድ አጭር ይጮኻል። ከወንዙ ማዶ ሴል በሚባለው እርሻ ላሉት አንድ ረጅም ሦስት አጭር። ለማንም ይጩኽ ለማን ግን ሁሉም ያነሳል። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው እያለ የሚሰብክ ካለ ከሁሉ ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው። እኔም አነሳለሁ፣ ምን ልዋሽ።

ማን እያዳመጠ እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል። ህሊድ በሚባለው እርሻ የምትኖረው ኦድኒ ስታነሳ የግድግዳ ሰዓቷ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ብራጊ ቤት ከሆነ ውሻው ያለከልካል። ማዳመጡ ጥቅምም አለው። አንድ ጸደይ በጌ ምጥ ጠንቶባት የእንስሳ ሐኪም ፍለጋ ስደውል ኦድኒ መሃል ገብታ "ሐኪሙን ተዪው፣ ግልገሉን መልሰሽ ወደ ውስጥ ግፊና የታጠፈውን እግር ፈልጊ" አለችኝ፤ ግልገሉም እናቲቱም ተረፉ። ክፋቱ ብዙ ሰው ባነሳ ቁጥር ድምፁ እየሟሸሸ መሄዱ ነው። ትልቅ ወሬ ያለ ቀን ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ ካልጮኽክ አትሰማም።

ወንድሜ ካልማን የሴሉን ስቱርላን ይወዳል። አፍ አውጥቶ አልነገረኝም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ ግን አባትና እናታችን ካረፉ ወዲህ አንድ ቤት የምንኖር ሁለት ሰዎች ነን፣ ዕውር አይደለሁም። የስቱርላ ፈረስ ገና ወንዙን ሳይሻገር፣ ውሻችን እንኳ ጆሮዋን ሳታቆም፣ እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ በመስኮት ያያል። ስቱርላ ከአባቱ ከሽማግሌው ግሪሙር ጋር ነው የሚኖረው። እሱም ካልማንም አላገቡም። ሰው "ዓይናፋር ስለሆኑ ነው" ይላል። እኔም እንደዚያው እላለሁ፣ ጮክ ብዬ።

ከመቼ ጀምሮ እንደምፈራ ልንገራችሁ። የሸለቆውን ልጆች ያስተምር በነበረ አንድ ሰው ላይ ወንድ ይወዳል የሚል ወሬ ተነስቶበት ነበር። ማንም አልመታውም፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ዝም አሉት፣ በቃ። ገበታ ላይ ሲቀመጥ ከጎኑ ያለው ሰው ፈረሴን ልይ ብሎ ይወጣል፣ አይመለስም። በረዶው ሲቀልጥ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። እሱስ መምህር ነው፣ ሌላ ቦታ ያስተምራል። እኛ ግን ጎረቤት ካልመጣልን በጎቻችንን ከተራራ ማውረድ፣ ሣራችንን ከዝናብ ማዳን አንችልም። ዝም የተባልን ዕለት ሆልት አለቀላት።

ጉዱ የመጣው በካሜራ ነው። የወጣቶች ማኅበር አንድ የፊልም ካሜራ ገዛና በጎቹ በመኸር ከተራራ ሲወርዱ ይነሱ ተባለ። ካሜራውን ለካልማን ሰጡት፣ እጁ አይንቀጠቀጥም ብለው። የፊልሙ ጥቅል ውጭ አገር ተልኮ ታጥቦ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። እኔ ረስቼው ነበር። ወንድሜ ግን ከመኸር ወዲህ ቀበቶው እየሰፋው ሄደ፤ እኔ ደግሞ ሆዱ ነው ብዬ የዓሣ ጉበት ዘይት ስግተው ከረምኩ።

በረዶው በጠናበት ወር አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሳለን ብራጊ ለሁሉም ቤት የሚሆነውን ረጅሙን ጥሪ በስልኩ ማዞሪያ ደወለ። ብራጊ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ምላሱ የማያርፍ፣ በሰው መቀለድ የሚወድ፣ ክፋት የሌለው ሰው። "ፊልሙ መጥቷል" አለ። "እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዳራሹ ውስጥ እናየዋለን። ያልታጠበ ፊት ያለው ካለ ካሁኑ ይፈር፣ እኔ ማንንም አልምርም።" የብራጊ ድምፅ ገበታው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ስልኩን ዘግቼ ስዞር የካልማን ፊት ነጭ ሆኗል።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይነጣም። ተናገር።"

የደረቀውን ዓሣ በጣቱ እየቆረሰ ቆየ፤ አንዱንም ወደ አፉ አላስጠጋው። "ጎጆው ውስጥ ካሜራውን አስነስቼው ነበር" አለ። "ተራራ ላይ ባለው የእረኞች ጎጆ። ሌሎቹን ዝናብ ከወንዙ ማዶ አስቀርቷቸው እኔና ስቱርላ ብቻ ነበርን። ሣጥን ላይ አስቀምጬ ቁልፉን ተጫንኩት።"

"ታዲያ እናንተ ምን ስትሆኑ ነው ያነሳው?"

አንገቱ ድረስ ቀላ።

"በምን ጭንቅላትህ ነው ካልማን? ለምን?"

"የማየው አንድ ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ነው" አለኝ። "ጥቅሉን ከካሜራው አውጥቼ ልደብቀው ነበር። መለያው በረት ደርሰን በጎቹን በየባለቤታቸው ስንለይ ብራጊ ካሜራውን ከኮርቻዬ ላይ ወሰደው። ስመለስ ለፖስተኛው ሰጥቶታል። ጠፍቶ እንዲቀር ስጸልይ ነው የከረምኩት።"

ልጮኽበት አፌን ከፍቼ ነበር። የማየው አንድ ነገር ያለው ግን አንጀቴን በላው። ካፖርቴን ለብሼ ብራጊ ቤት ሄድኩ።

"ብራጊ፣ ያንን ፊልም ቀድሜ ልየው" አልኩት። "በረቱ ጋ ፀጉሬ ተንጨባሮ ነበር፣ መሳቂያ አታድርገኝ።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለፀጉርሽ የምትጨነቂው?" ብሎ ሳቀ። "እኔም አላየሁትም፣ ራንቬይግ። የማሳያው አምፑል አንድ ብቻ ነው፣ ከተቃጠለ ሁላችንም ቀረብን። አብረን እንስቃለን።"

የፊልሙ ቆርቆሮ ከምድጃው በላይ መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ፣ እሳቱም እዚያው ነው። ብራጊ ግን በሩ ድረስ ሸኝቶኝ እስክወጣ ከፊቴ ዘወር አላለም።

የጎጆው ምስል ፊልሙ ውስጥ መቅረቱን ስቱርላ አያውቅም፤ መስማት ነበረበት። ያን ሳምንት ወንዙ በረዶውን ሰብሮ ስለሞላ ፈረስ አይሻገርም፤ የቀረው ስልክ ነው። ካልማን ማዞሪያውን አዞረ፣ አንድ ረጅም ሦስት አጭር። እኔም ጆሮዬን ከጆሮው ጎን ለጠፍኩ። ስቱርላ ሲያነሳ የኦድኒ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮ ነበር፣ የብራጊም ውሻ አለ።

"ስቱርላ፣ ያ ተራራ ላይ የጠፋው ጠቦት ተገኝቷል" አለ ካልማን።

"የትኛው ጠቦት?"

"ጎጆው ውስጥ ያደረው። እኔና አንተ የነበርን ቀን።"

"ማን አገኘው?"

"ብራጊ እጅ ነው። እሁድ ለሰው ሁሉ ሊታይ ነው።"

የስቱርላን ትንፋሽ ሰማሁት። ነገሩ ገብቶታል። እዚያው ላይ ቢበቃ ደግ ነበር፤ ግን የኦድኒ ድምፅ መሃል ገባ። "ካልማን፣ የምን ጠቦት ነው የምታወራው? በመለያው ቀን የሆልት በጎች አንድ ሳይቀር ተሟልተው ነበር። የሴልም እንዲሁ።"

ካልማን ድንጋይ ሆነ። መነጋገሪያውን ነጠቅኩት። "የእኛ አይደለም እትዬ ኦድኒ፣ የሌላ ሸለቆ ነው።"

"ጆሮው ላይ የማን ምልክት አለው?"

"አላየነውም" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። እያንዳንዱ እርሻ በበጎቹ ጆሮ ላይ የሚቆርጠው የራሱ ምልክት አለው፤ የባዘነ ጠቦት አግኝቶ ጆሮውን ሳያይ የቀረ ሰው ይህ ሸለቆ አይቶ አያውቅም። የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ መጀመሪያ ጆሮውን ነው የሚይዘው። ሽቦው ላይ ያሉት ሁሉ ጸጥ አሉ። ብራጊም "እኔ ዘንድ ምን ጠቦት አለ?" አላለም፤ ብራጊ ዝም ሲል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ የዘጋው ስቱርላ ነበር።

እሁድ እስኪደርስ ድረስ ምኑን በላን፣ ምኑን ጠጣን፣ አላስታውስም። አዳራሹን በእሳት ስለማቃጠል አስቤያለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ጋዙ የት እንዳለ ሁሉ አስቤ ነበር። ካልማን ደግሞ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወደ ቀብር እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጀ። "እንቅር፣ አሞኛል እላለሁ" አልኩት። "እኛ ቀርተን እነሱ ካዩት ይብሳል" አለኝ። ልክ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ስቱርላ የለም። ወንዙ ሌሊቱን ጎድሎ አባቱ ግሪሙር ብቻቸውን ተሻግረው መጥተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ኦድኒ ከፊታችን ባለው አግዳሚ ላይ ነበረች፤ ዞር ብላ አየችንና በጭንቅላቷ ሰላምታ ሰጠችን፣ ፈገግ ግን አላለችም። ብራጊ መብራቱን አጠፋ፣ ማሳያው መንቀርቀር ጀመረ።

መጀመሪያ ፈረሶች መጡ። ከዚያ ውሾች፣ ከዚያ ወንዙ፣ ከዚያ ተራራውን ሞልተው የሚወርዱት በጎች። ሰው ራሱን ባየ ቁጥር ይጮኻል፣ ይሳሳቃል። "ኦድኒ፣ ያ አህያ የመሰለው የማን ፈረስ ነው?" ይላል ብራጊ፤ "አንተን የተሸከመው ነዋ" ትለዋለች። እኔ ከጎኔ ያለውን የካልማንን ጉልበት ይዣለሁ።

ከዚያ ስቱርላ መጣ። ወንዝ ዳር ተንበርክኮ በእፍኙ ይጠጣል፤ ቀና ብሎ ካሜራውን አየና ሳቀ። ካሜራው ከሱ አልነቀል አለ። ውኃው ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ እሱ ይስቃል፣ ካሜራው አሁንም እሱ ላይ ነው። ማንም ሰው ለካሜራ እንዲያ አይስቅም፤ የሚስቀው ካሜራውን ለያዘው ነው። ከኋላ አንዲት ሴት "እንዴት ያምራል ይሄ ልጅ" አለች፤ ከዚያ ምስሉ ተቆረጠ።

ጎጆው ቀጠለ። ጨለማ ነበር፤ ጥቁር ብቻ። የሣር ጎጆ ውስጥ፣ ያውም በዝናብ ቀን፣ ምን ብርሃን አለ? ያ ሞኝ ወንድሜ ብርሃን በሌለበት ካሜራ እንደማያይ አላሰበም። ጥቁሩ መሃል የመስኮቷ ግራጫ ነጥብ ብቻ ትታያለች። ነጥቧ ላይ ከግራ አንድ ጥላ መጣ፣ ከቀኝ ሌላ ጥላ መጣ፣ ተገናኙና ነጥቧ ጠፋች። የማያውቅ ሰው ምንም አላየም። እኔ ግን አየሁ።

"ይሄ ደግሞ የካልማን ኪስ ውስጥ ነው" አለ ብራጊ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካልማን አብሯቸው ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ትንፋሼ የተመለሰው መብራቱ ሲበራ ነው። ዳንን አልኩ በልቤ፣ ምንም አልታየም፣ ዳንን።

ካልማን ሰው እየገፋ ወደ ግሪሙር ሄደ። "አባባ ግሪሙር፣ ስቱርላ የታል?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "ሄዷል። ጠዋት በበረዶ መንሸራተቻው ወደ ወደቡ ወረደ። ማታ በሚወጣው መርከብ ተሳፍሬ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ ሥራ እፈልጋለሁ አለኝ።" ቀጠሉ፦ "ምን አጣህ ብዬ ብጠይቀው ሊነግረኝ አልቻለም። እናንተ ታውቁ እንደሆነ እንጂ፣ ስለ አንድ ጠቦት ስልክ ከተደወለለት ወዲህ ምግብ አልቀመሰም።"

ወደ ቤት ፈረሶቹን ጋለብናቸው፤ እኔ እንኳ በዚያ በረዶ ላይ መጋለብ አልወድም። ሌላውም ሰው ከአዳራሹ ወደየቤቱ እየገባ ነበር። ካልማን ቦቲውን ሳያወልቅ የወደቡን ሱቅ ጥሪ አዞረ። ባለሱቁ አነሳ። "ስቱርላ? አዎ፣ እዚህ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ጥሩምባው ከተነፋ ግን ቆየ፣ ቶሎ በሉ።" ጆሮዬን ከጆሮው ጎን ለጥፌ፣ ሰው ሲያነሳ መስመሩ ላይ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ሌላ ቀጭ፣ ሌላ። ሰዓቱ ነው፣ ውሻው ነው፣ ያልለየሁት ሳል ነው። ሸለቆው በሙሉ አነሳ። ባነሱ ቁጥር የባለሱቁ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር።

"ሃሎ?" አለ ስቱርላ። ከሌላ አገር የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

"ስቱርላ፣ ጠቦቱ ጥቁር ነው" አለ ካልማን። "ማንም አላየውም።"

"ምን? አይሰማኝም።"

"ጠቦቱ! ጥቁር ነው፣ ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም!"

"አልሰማህም፣ ካልማን። እየጠሩን ነው። ልሂድ።"

ካልማን ወደ እኔ ዞረ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ዓይኑ ላይ አየሁ። እጄን አንስቼ መነጋገሪያውን ልሸፍንበት እችል ነበር፣ ልሸፍንም አስቤ ነበር። መምህሩን አሰብኩ፤ ማንም ሳይመጣልን በዝናብ የሚበሰብሰውን ሣራችንን አሰብኩ። እጄ ግን አልተነሳም።

"ስቱርላ!" ብሎ ጮኸ፣ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ። "ፊልሙ ላይ አልታየንም! እኔና አንተ አንታይም! አትሂድብኝ፣ ያላንተ አልኖርም፣ ተመለስ!"

ሽቦው ላይ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ የስቱርላ ድምፅ መጣ። "ምንም አልሰማሁም። ድገመው።"

ወንድሜ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሁሉም ሰምቶታል፣ ሊሰማው ከሚገባው ሰው በቀር። ያን ጊዜ ነው ኦድኒ የተናገረችው፤ ድምፅዋ ቅርብ ስለሆነ ጥርት ብሎ ተሰማ። "እናንተ ሰዎች ዝጉ። ስለበዛን ነው የማይሰማው። እኔ ዘግቻለሁ።"

ሰዓቱ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ውሻው ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀጭ፣ ከዚያ ሌላ፣ በየቤቱ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ የቀረው ወደቡ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብቻ ነበር፤ ስልካችን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ጀምሮ እንዲያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

"ተመለስ" አለ ካልማን፣ በቀስታ።

"አሁን ሰማሁህ" አለ ስቱርላ።

መርከቡ ያለሱ ሄደ። በማግስቱ የወተት መኪናው በራችን ላይ አወረደው፤ ካልማን ሻንጣውን ተቀበለው፣ ሾፌሩ ግን ከመኪናው አልወረደም። ሁልጊዜ ወርዶ ምድጃችን አጠገብ እጁን ሳያሞቅ አይሄድም ነበር። ይቸኩል ይሆናል አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለንም። ስልካችን ሁለት ረጅም አንድ አጭር ሲጮኽ ለማዳመጥ ማንም አያነሳም። እኛ ስንደውልም ከሴል በቀር ማንም አያነሳም። ሰዓት የለ፣ ውሻ የለ፣ ሳል የለ። ወደ አባቱ ቤት የተመለሰው ስቱርላና ካልማን በስልክ ያሻቸውን ይነጋገራሉ፣ አንዳንዴ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ። እኔ መጀመሪያ ደግነት መስሎኝ ኦድኒን በልቤ መረቅኳት።

በጸደይ ካልማን ሴል ሳለ ከበጎቹ አንዷ ምጥ ያዛት። ግልገሉ ተጣሞ መጥቷል፣ እጄን ባስገባም እግሩን ማግኘት አልቻልኩም። ቤት ሮጬ ሴል ደወልኩ። ካልማን አነሳና እየመጣሁ ነው አለ፤ ግን ወንዙን መሻገር አለበት። "አንድ ሰው ይንገረኝ" አልኩ ሽቦው ላይ፣ ለማንም። "እትዬ ኦድኒ፣ አሉ? እግሩን አጣሁት።" እጄ በደም ተነክሮ መነጋገሪያውን ይዤ ቆምኩ። መስመሩ ንጹሕ ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ካልማን ሲደርስ ግልገሉም እናቲቱም ሞተው ነበር። አጠገቤ ገለባው ላይ ተቀመጠና የማንንም ስም ሳይጠራ "ስልኩን አንስተው ነበር?" አለኝ።

"አላነሱም" አልኩት።